ትሕርምት፣ ዳይትና ራብ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ በተሰቀሉት ማስታወቂያዎች፣ በመድኃኒት ቤቶች መስኮትና በየሰዉ ስልክ ላይ በሚዘንበው ምክር «ዳይት» የሚባለው ቃል ከተለመደ ወዲህ፣ መሶብ ቀርቦ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሲባል «ዳይት ላይ ነኝ» ብሎ እጅን መሰብሰብ የሥልጡን ሰው ወግ መስሎ መታየት ጀምሯል። አማርኛ ከግሪክም ከዐረብም ከጣልያንም ሲበደር የኖረ ቋንቋ ነውና ቃሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ብቻውን ነውር አይሆንም። ነገር ግን እንግዳው ሲገባ፣ በቤቱ ነባር ሆኖ የኖረው ቃል ምን ትርጓሜና ምን ዕዳ ተሸክሞ እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ፣ ከቃሉ ጋራ ሥርዓቱም ተከትሎ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ላሳስብ የምወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም አግኝቶ የሚተው ሰው፣ ሐኪም አዝዞት የሚቆጥብ ሰውና አጥቶ ጦሙን የሚያድር ሰው ሦስቱም ማዕዳቸው ሲታይ ቢመሳሰሉም፣ ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት በነፍስም በሥጋም የሚያስከፍል ስሕተት መሆኑን ነው። ለዚህም ምስክር አድርጌ የምጠራው በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኘውን አርብ ገበያን ነው።

ከግዕዝ የወረስነው ነባሩ ቃል ትሕርምት ነው። ሥሩ «ሐረመ» ሲሆን ከለከለ፣ ለየ፣ ለእግዚአብሔር ብሎ ከተራ አገልግሎት አወጣ ማለት ነው፤ «ተሐረመ» ሲል ደግሞ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ከመብልዕ፣ ከመጠጥና ከፈቃደ ሥጋ መከልከሉን ያስረዳል። ከዚሁ ሥር «ምሕራም» ይወጣል፤ ትርጓሜውም መቅደስ፣ የተለየ ቅዱስ ስፍራ ማለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «እርም» የምንለው፣ ዐረቦችም «ሐራም» የሚሉት የዚሁ ዘር ናቸው፤ ስለዚህ በጠላ ቤት ተቀምጦ «ሁለተኛ እርሜ ነው» እያለ የሚምለው ሰው እንኳ ሳያውቀው የመነኮሳቱን ቃል ይናገራል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበትን፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁትን መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ሰው እንዲህ ያለውን የቃላት ዝምድና እንደ ትውልድ ሐረግ እየተከተለ መሄድ ይችላል። ከዚህ ዝምድና የምንረዳው ትሕርምት ከመተው አልፎ ለይቶ ማኖርን የሚጠይቅ መሆኑን ነው፤ የተተወው ነገር ለማን እንደ ተለየ መታወቅ አለበትና።

ይህም የቃል ጨዋታ ሆኖ አልቀረም፤ ሥርዓት ተሠርቶለታል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ፣ ጾም የታወቀ ጊዜ፣ የታወቀ መጠንና የታወቀ ምክንያት እንዲኖረው ያዝዛል፤ የታመመውንም ሰው ከግዴታው ያሳርፈዋል። በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው የሄርማ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሒሳብ ያስይዛል፤ ጾመኛው በዚያ ቀን ሊበላው ይችል የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ፣ የእርሱ መራብ የሌላው መጥገብ እንዲሆን ያስተምራል። ይህ መጽሐፍ በግሪክኛው ሙሉ ቅጂ ባልተረፈበት ሁኔታ በእኛ ገዳማት ተጠብቆ ቆይቶ፣ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በትግራይ ከጉንዳ ጉንዶ ገዳም ያገኘውን ቅጂ በላይፕሲክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1860 ለኅትመት አብቅቶታል። እንግዲህ በአበው ዘንድ የትሕርምት አዕማድ ሦስት ናቸው ማለት ነው፤ ጊዜ፣ መጠንና የነዳይ ድርሻ።

የሄርማ መጽሐፍ በላይፕሲክ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚህ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በቤጌምድር ምድር በሚመላለሱበት ዘመን፣ በለንደን ከተማ ሌላ ትንሽ መጽሐፍ ወጣ። ጸሓፊው ዊልያም ባንቲንግ ይባላል፤ ሥራው የሬሳ ሣጥን ማዘጋጀትና የቀብር ሥርዓት ማስፈጸም ሲሆን፣ ቤተ ሰቡም ለእንግሊዝ ነገሥታትና መኳንንት ቀብር የሚጠራ ስመ ጥር ቤት ነበር። ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ግን ከ91 ኪሎ በላይ ስለ ነበር፣ የገዛ ጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር እንደ ተሳነው፣ ደረጃም ሲወርድ ጉልበቱ እንዳይጎዳ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወርድ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ጆሮው እየደነቆረ ስለ ሄደ ዊልያም ሃርቪ ወደሚባል የጆሮ ሐኪም ቢሄድ፣ ሐኪሙ ጥፋቱ ከውፍረቱ ነው ብሎ ዳቦን፣ ቅቤን፣ ወተትን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን ከለከለው፤ ሥጋና ዓሣ፣ ጥቂትም ወይን ጠጅ ፈቀደለት። ሰውየው በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ቀነሰና ደስታውን ለወገኖቹ ሊያካፍል ፈልጎ «ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1863 አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹንም እትሞች በነፃ አደለ።

መጽሐፉ ከተጠበቀው በላይ ስለ ተነበበ፣ ብዙ ሳይቆይ የሰውየው የአባት ስም ግሥ ሆነ። እንግሊዞች ምግብ መቆጣጠርን «ባንቲንግ» ማለት ጀመሩ፤ «ባንት ታደርጋለህን?» ብሎ መጠየቅም የጨዋ ሰው ወግ ሆነ። ዛሬ ቃሉ በእንግሊዝ አገር ያረጀ፣ አያቶች ብቻ የሚያስታውሱት ቢሆንም፣ በስዊድን ግን «ባንታ» ተብሎ እስከ ዛሬ ምግብ ቀንሶ መክሳት ለሚባለው ነገር የዘወትር ቃል ሆኖ ይኖራል። የባንቲንግን ስም ተክቶ የነገሠው «ዳይት» ደግሞ ጥንቱ የግሪኮች «ዲያይታ» ሲሆን፣ እርሱም ሰው የሚኖርበት ጠቅላላ የኑሮ ሥርዓት ማለት ነበር፤ መኝታን፣ እንቅስቃሴን፣ ማዕድን ሁሉ ያካትት የነበረው ቃል ዘመን እየራቀ ሲሄድ ወደ ሳሕን ጠበበ። የዚያን የቀብር አስፈጻሚ ቅንነት አልነቅፍም፤ ከትንሹ መጽሐፍ ያገኘውንም ትርፍ ለበጎ አድራጎት ሰጥቷል። ነገር ግን ሥርዓቱን ከሄርማ ሒሳብ አጠገብ ብናስቀምጠው ጊዜም አለው፣ መጠንም አለው፣ የነዳይ ድርሻ ግን የለውም፤ የተቀነሰው ዳቦ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ አንቀጽ አልተጻፈበትም።

አሁን ወደ አርብ ገበያ እንሂድ። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው፤ ገበያዋም የሚቆመው በጾም ቀን ነው። ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ካሉት ሳምንታት በቀር ዐርብ ሁሉ ማለት ይቻላል ጾም ስለ ሆነ፣ በዓመት ውስጥ አብዛኛው የዚህ ገበያ ግብይት የሚካሄደው በተሐረመ ሕዝብ መካከል ነው። ገበያተኛው ከየቀበሌው ቁልቁለቱንና አቀበቱን ወጥቶ ወርዶ ሲደርስ አፉን ያልፈታ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከፊቱ እህሉም፣ ማሩም፣ ዕንቁላሉም፣ ቅቤውም ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ቅቤ የምትገዛውን ሴት ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ ትሕርምት የሚባለው ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ላይ ይገለጽለታል። በሌላ ቀን ቢሆን በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ በምላሷ ትቀምሰው የነበረውን ለጋ ቅቤ፣ በዐርብ ቀን በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ሲቀልጥ ውኃ ያዘለ መሆን አለመሆኑን ታያለች፤ የተረፈውን በጠጉሯ ላይ ትጠርጋለች እንጂ ወደ ከንፈሯ አታደርሰውም። ሻጪቱም «ቅመሽው» አትላትም። ማንም ሳይቆጣት፣ ማንም ሳይሰልላት፣ ገንዘቧን አውጥታ የምትገዛውን ነገር ሳትቀምስ ትገዛለች፤ ምክንያቱም ቅቤው የዛሬ እንዳልሆነ፣ ጊዜ እንዳለው ታውቃለች። ይህችን ሴት ማጣት አላስገደዳትም፤ ቅቤው በእጇ ነውና። ትሕርምት ማለት ይህ ነው።

ባንቲንግ የተከለከለውን የምግብ ዝርዝር ለዚህ ሕዝብ ብናነብለት ግን ነገሩ ወደ ቀልድ ይለወጣል። በጉና ተራራ ዙሪያና በላይ ጋይንት ደጋ ድንች ከገብስ ጋራ የገበሬውን ቤት የሚያቆም ምሰሶ ነው፤ እርሱንና እንጀራውን አስወጥቶ በየማዕዱ ሥጋና ዓሣ ማቅረብ የለንደን ባለጸጋ ምክር እንጂ የጋይንት ገበሬ ምክር ሊሆን አይችልም። አማርኛችንም ራሱ ይህን ያውቃል። በእኛ ወግ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ጥያቄ የሐዘንና የሕመም ጥያቄ ነው፤ «ወዛህ፣ ተመችቶሃል» ማለት ደግሞ ምርቃት ነው። መክሳትን እንደ ሹመት የሚቆጥር ንግግር ሊወለድ የሚችለው ጎተራው ከዓመት ዓመት በማይጎድልበት ከተማ ብቻ ነው።

የጋይንትና የስማዳ፣ የእስቴም ቆላ ወገን ጎተራ ግን ይጎድላል። መሬቱ ተሸርሽሮ፣ ማሳው ጠቦ፣ ዝናቡ እንደ ልቡ ሆኖ፣ እነዚህ ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ይገኛሉ። መርሐ ግብሩ ለችግረኛው ቤተ ሰብ ድጋፍ እንዲሰጥ የታቀደው በዓመት ለስድስት ወር ያህል፣ ባብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ፤ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ገና በአገዳው ላይ ያለበት፣ ገበሬው ለሥራ ጉልበት በሚሻበት ጊዜ ማዕዱ የሚሳሳበት ወቅት ይህ ነው።

ጾመ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን በዚሁ ወቅት ይገባል። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ በፍቅር የሚጾሙት፣ ጠዋት ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቅዳሴ የሚሮጡበት ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ቢረዝምም የሚውለው መኸር ከገባ በኋላ ስለ ሆነ፣ ጾመኛው የሚተወው ነገር በቤቱ አለው። በፍልሰታ ግን በድሃው ቤት ትሕርምትና ራብ በአንድ በር ይገባሉ፤ እናቲቱም ልጇ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላው ስለ ጾመ ይሁን ስለ ጠፋ ለይታ ለጎረቤት አትናገርም። «እየጾምን ነው» የሚለው ቃል የነፍስ ክብር ስለ ሆነ፣ የሥጋን ችግር ለመሸፈን ከእርሱ የተሻለ መጎናጸፊያ አይገኝም። ይህን መሸፈን እንደ ውሸት አልቆጥረውም፤ የጨዋ ሰው ይሉኝታ ነው። ሆኖም መጎናጸፊያውን ከውጭ ያየ ሹም «ሕዝቡ ጾመኛ ነው» ብሎ አመስግኖ ካለፈ፣ ያመሰገነው ራብን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል፤ የመላው አገሪቱ 38 ነበር። ቁመት የሚያሳጥረው ደግሞ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ጀምሮ ለዓመታት የተደራረበ ጉድለት ስለ ሆነ፣ ነገሩን የሁለት ሳምንት ጾም አመጣው የሚል ሰው አይገኝም፤ በጾም ስም ተሸፍኖ ሳይታይ የሚያልፍ ራብ ግን ድርሻ አለው።

ሁለተኛው መደበላለቅ የሚገኘው በጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። የስኳር ሕመም የባለጸጎችና የወፍራሞች ደዌ ነው እየተባለ ብዙ ዘመን ተነግሯል፤ ነገር ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እነ ዶክተር ሺታዬ ዓለሙ ለረጅም ዓመታት ካከሟቸውና ካጠኗቸው የገጠር ሕሙማን መካከል ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሆችና በልጅነታቸው ራብ የጎዳቸው ሰዎች ነበሩ። ከምግብ እጥረት ጋራ የተያያዘውን እንዲህ ያለ የስኳር ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2017 ዓ.ም. ራሱን ችሎ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ አጥንታቸው የሚቆጠር አንድ አዛውንት ገበሬ ከቀበሌያቸው ወርደው ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ የተማረው ወጣት ሐኪም ከመጽሐፉ ቀድቶ «አባባ፣ እንግዲህ ዳይት ይያዙ» ቢላቸው ምን ይመልሱለታል? «ምኑን ልያዝ፣ ልጄ? የምይዘው ቢኖር መች እዚህ እመጣ ነበር» ቢሉት ፈረዱበት እንጂ አልቀለዱበትም። ወጣቱ የተናገረው ቃል ለባንቲንግ ዓይነት ሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኒህ አዛውንት ግን የሚያስፈልጋቸው መቀነስ ሳይሆን በሰዓቱ፣ በመጠኑና በዓይነቱ ማግኘት ነው። ለዚህ የሚሆን ቃል በአማርኛ አለ፤ ምጣኔ ይባላል። ምጣኔ የበዛውን ያሳንሳል፣ ያነሰውንም ይሞላል፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል ያቅፋል።

«ስሙ ምን ይሁን ምን፣ ጾምም ዳይትም ያው ከምግብ መከልከል ነው፤ እንዲያውም የሩቅ አገር ሰዎች ዛሬ ሰዓት ቆጥረው የሚጾሙት የእኛን አይተው ነው» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ለአካል ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ለሐኪሞች እተዋለሁ። ነገር ግን ጾምን በኪሎ መመዘን የለመደ ሰው፣ ሚዛኑ ያልወረደለት ዕለት ጾሙን ይተዋል፤ ሚዛኑ የወረደለት ዕለትም የነዳዩን ድርሻ አያስታውስም። በሌላ ወገን ደግሞ የሐኪምን ትእዛዝ እንደ ጾም የሚቆጥር ሕመምተኛ፣ በዓል ሲደርስ «ገደፍሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ጾም በገባ ቁጥር መድኃኒቱን ከእህሉ ጋራ አብሮ ያስቀረዋል። ሁለቱም ጉዳት ከመደበላለቅ የመጣ ነው።

በታች ጋይንት ትሕርምትንና ራብን ለመለየት የሚችሉ ሰዎች አልጠፉም። የድጓ ሊቃውንት ከመላው ኢትዮጵያ መጥተው የሚያስመሰክሩባት ቤተልሔም ያለችው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ እየቆመ የሚማረው ተማሪ ራብንም ትሕርምትንም በአንድ ሰውነት ይኖራቸዋል፤ ልዩነታቸውንም ከማንም በላይ ያውቃል። ቁራሽ ሳይሰጠው ውሎ የተራበበትን ቀን ጾምሁ ብሎ አይቆጥረውም፤ የጾመበትንም ቀን ተራብሁ ብሎ አያማርርም። ይህን በልጅነቱ የተማረ መሪጌታ፣ ይህንኑ ለሕዝብ ሊያስተምር ሥልጣኑም ቋንቋውም አለው።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የጤና ባለሙያው «ዳይት» ከማለቱ በፊት «በቤትዎ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከመልሱም ተነሥቶ ምጣኔን በሕዝቡ ቋንቋ፣ በሽሮውና በገብሱ፣ በድንቹና በባቄላው ስም ያስረዳ። የንስሓ አባቶች፣ ሕመምተኛዋና ነፍሰ ጡሯ፣ አራሷና ጡት የጣለው ሕፃን ቢበሉ እርም እንደማይሆንባቸው በጓዳ ለጠየቃቸው ብቻ ሳይሆን በዐውደ ምሕረት ሁሉ እየሰማ ይናገሩ፤ ሥርዓቱ የፈቀደውን ይሉኝታ እንዳይከለክለው። የሴፍቲኔቱን የጊዜ ሠሌዳ የሚያወጡ ሹማምንት፣ ከሰኔ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ እንዳሉ ያስቡ። እኛም በጋዜጣ የምንጽፍ ሰዎች «የምግብ ዋስትና ክፍተት» እያልን ራብን የቢሮ ልብስ ማልበሱን እንተው፤ ራብ ሲሆን ራብ እንበል።

በከተማ ያለነውና ከማዕዳችን የምንቀንሰው ነገር ያለን ሰዎች ደግሞ፣ በጾም ይሁን በሐኪም ምክር፣ የተቀነሰውን ሒሳብ እንያዝ። በመጪው ፍልሰታ በ15ቱ ቀናት ያልበላነውን የሥጋና የቅቤ፣ የወተትና የዕንቁላል ዋጋ በሐቅ ደምረን፣ አጥቢያችን በኩል ነሐሴ ለከበደበት ቤት ብናደርስ፣ ሄርማ ያዘዘውን ከመፈጸም በቀር አዲስ ነገር አላደረግንም። ያን ጊዜ «ዳይት» የሚለውን ቃል ብንጠቀምበትም ብንተወውም ጉዳት የለውም፤ የትሕርምት ሦስተኛው ዐምድ ተመልሶ ቆሟልና።